ስንጥር ቆራጯ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢለካ ስንት ይወጣዋል? ጥያቄውን በተማሪነቴ ዘመን ፈተና ላይ መልሼው ጥሩ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ዛሬ በሰማንያ አንድ ዓመቴ፣ ያኔ ከጻፍኩት መልስ አንድ ቃል አላስታውስም። ጥያቄው ሲመጣብኝ ግን አንዲት ሴት አብራው ትመጣለች። የእሷ ዕድሜ መለኪያ ስላለው ይሆናል። መለኪያው ስድስት ሚሊ ሜትር ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን እርሳስ ይዤ አሰላሁት። በሃያ ሁለት ዓመት የቆረጠቻቸው ስንጥሮች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ከሆስፒታሉ በር ተነስተው አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይደርሳሉ። ከዚያ ፈቅ አይሉም። ጠዋት ማታ ስትመላለስበት የኖረችው መንገድ ማለት ነው። ከእነዚያ ሁሉ ስንጥሮች ዛሬ አንድም የለም፤ በሰው ዓይን ውስጥ ሟሙተው አልቀዋል። ሳይሟሟ የተገኘ ካለ የተበላሸው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የዓይን ሐኪም ነበርኩ። ዓይን ከውስጥ የሚቆጣበት በሽታ አለ። ከፊት ብዙም አያስታውቅም፤ ጀርባው ላይ ግን እሳት እንደነካው ወረቀት እየተጨማደደ ይሄዳል። ጠብታ እዚያ ድረስ አይዘልቅም። መርፌ ይዘልቃል፤ ግን መድኃኒቱ በሦስት አራት ሳምንት ተሟጦ ያልቅና በሽተኛው እንደገና ጣሪያ ጣሪያ እያየ መርፌ ይጠብቃል። እኛ ያሰብነው መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ከሚሟሟ ነገር ጋር ለውሶ፣ ከሽፋሽፍት እምብዛም የማይወፍር ስንጥር አድርጎ፣ አንዴ ዓይን ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። የሚሟሟው ነገር ቁስል ተሰፍቶበት ሳይፈታ በራሱ ጊዜ የሚጠፋው የቀዶ ጥገና ክር ወገን ነው። ስንጥሩ እዚያው ተቀምጦ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየለቀቀ ወራት ይቆያል፤ በመጨረሻም ራሱ ይጠፋል። ማውጣት የለ፣ ዳግመኛ መብሳት የለ።

ሥራ ክፍላችን ምድር ቤት፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጎን ነበር። ማን እንደመረጠልን አላውቅም እንጂ የባሰ ቦታ ቢፈለግ አይገኝም። ስንጥር ርጥበት ይጠላል፤ ርጥበት የነካው ስንጥር ሳጥኑ ውስጥ ሳለ መሟሟት ይጀምራል። እሷ ጠዋት ገብታ መጀመሪያ የምታየው ግድግዳው ላይ ያለውን የርጥበት መለኪያ ነው። መርፌዋ ከቀዩ መስመር ካለፈች ኮሪደሩ ላይ ብቅ ብላ የማጠቢያውን ኃላፊ ትጠራለች።

«የእንፋሎት ሚኒስትር! በርህን ዝጋ፣ ሰው ልታሳውር ነው!»

«አንሶላ በደረቁ አይታጠብም፣ ምላጭ!»

«አንሶላህ ነገም ይታጠባል። ዓይን ግን መለዋወጫ የለውም።»

ምላጭ ያልናት እኛው ነን። ታዝዞ የመጣልንን የመቁረጫ ቢላ ሦስት ቀን ሞክራ «ይሄ ቅቤ ይቁረጥ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው፤ ከዚያም ተራ የጢም ምላጭ ለሁለት ሰብራ መቁረጥ ጀመረች። መድኃኒት ቀማሚያችን መድኃኒቱን ለውሶ በማሽኑ ጠባብ አፍ እንደ ቀጭን ክር አውጥቶ ይሰጣታል። እሷ ክሩን መስታወት ላይ ዘርግታ፣ በማጉያው አጎንብሳ፣ ትንፋሿን ይዛ ትቆርጣለች። ትንፋሽ ስንጥሩን ይበትነዋል፤ ያረጥበዋልም። አምስት ስንጥር በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ትተነፍሳለች። እንደ ጠላቂ ዋናተኛ ነበረች። ለሃያ ሁለት ዓመት አንድ መስታወት ውስጥ እየጠለቀች ትወጣ ነበር።

ዕድሜያችን እኩል ነበር፤ ሆኖም እኔ «አንቺ» እላታለሁ፣ እሷ «እርስዎ» ትለኛለች። ያኔ ይህ ነገር ታይቶኝ አያውቅም። አሁን ነው የሚታየኝ።

ታናሽ ወንድሟ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። እሷ አሥራ ዘጠኝ እሱ ዘጠኝ ዓመት ሳሉ ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ከዚያ ወዲያ እናትም አባትም እሷ ሆነች። እሱ «እታለም» ይላታል። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የእሱ ሥራ ቤት ነው፤ የቀለም ቆርቆሮ፣ ብሩሽ የተዘፈዘፈበት ጣሳ፣ ግድግዳ የተደገፉ ሰሌዳዎች ሞልተውታል። የሥራ ካፖርቷ የቀለም ማቅጠኛ እንዳይሸት እዚያ አታሳድረውም፤ ጎረቤታቸው ከሆነው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ትሰቅለዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልብስሽን እኔ ቤት እየሰቀልሽ ሰው ምን ይለኛል?» ይላታል ፀጉር አስተካካዩ።

«ሴት ቢያጣ ካፖርት አገባ ይበሉሃ!»

የወንድምየው ግራ ዓይን በልጅነቱ በተወረወረ ጠጠር ጠፍቷል። በቀኙ ብቻ ነበር ያን ሁሉ ዓመት የጻፈው። «ባለ ሁለት ዓይን ጸሐፊ አንዱን ለመንገደኛ ያባክናል፤ የኔ ግን ሙሉ በሙሉ ለሥራ ነው» ይል ነበር። የሰፈሩ ሱቆች እኩሌታ በእሱ እጅ የተጻፉ ናቸው። ፊደሉ ወገቡ ቀጥ ያለ፣ እግሩ ያልተንሻፈፈ ነው። መንገድ ላይ ሲሄድ የሌላ ሰው ታፔላ ካየ ቆሞ ይተቸዋል፤ አንድ ጊዜ ያየውን ጽሑፍ ደግሞ አይረሳም፤ ቤት ገብቶ የመስመሩን ስፋት ሳይቀር በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይደግመዋል። ይህን ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኩም።

ሕመሙ የተጀመረው በፀጉር አስተካካዩ ታፔላ ነው። አዲስ ጽፎ ሰቀለለት። ፀጉር አስተካካዩ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻግሮ አየውና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«ወዳጄ፣ ታፔላዬ ሰክሯል እኮ።»

«ታፔላው ደህና ነው። ግድግዳህ ነው የተንጋደደው።»

«ግድግዳው ሃያ ዓመት ቆሟል!»

«እንግዲያው ደክሞታል፣ ቁጭ ሊል ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ማታ እራት ላይ ማንኪያ ስታቀብለው እጁ ከማንኪያው ጎን አየሩን ሲጨብጥ አየች። በማግስቱ እጁን ይዛ እኔ ዘንድ አመጣችው። በመብራቱ አየሁት፤ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ጉም ገብቷል። ያ እኛ ስንጥር የምንሠራለት በሽታ ነበር።

ያን ጊዜ ስንጥሩ ገና በሙከራ ላይ ነበር። ስልሳ በሽተኛ ይገባል ተባለ። ግማሹ መድኃኒት ያለበት ስንጥር ይደረግለታል፤ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት፣ ባዶ የሚሟሟ ስንጥር። የተለመደውን ጠብታ ሁሉም ይቀጥላሉ። የትኛው ለማን እንደደረሰ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሽተኛውም፣ እኔም፣ ነርሷም አናውቅም። ጭካኔ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ሐኪም ራሱ የሠራውን መድኃኒት ሲመዝን እጁ ሚዛኑን መጫኑ አይቀርም፤ እጃችንን ያሰርነው እውነት እንዳናጣ ብለን ነው። አንድ የመውጫ በርም ተበጅቶ ነበር፦ በየአራት ሳምንቱ በሽተኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ያነባል፤ ከመነሻው ሦስት መስመር ከቀነሰ ወዲያው ከጥናቱ ወጥቶ እውነተኛው መድኃኒት ይሰጠዋል። በሽተኛው ራሱ ልውጣ ካለም ይወጣል። አስፈላጊ መስሎ ከታየኝ ደግሞ እኔ አስወጣዋለሁ።

«ዶክተር፣ እኔ እዚሁ እየሠራሁ ወንድሜ መግባቱ ተገቢ ነው?» አለችኝ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? የሚደርስሽ ‹ሀ› እና ‹ለ› ተብሎ ነው። ችግር የለውም።»

ጣቶቿን አየት አድርጋ «እሺ» አለች።

እጇ እንደሚያውቅ የጠየቃት የለም። ኋላ ከራሷ አፍ እንደሰማሁት፣ የሙከራውን ስንጥር መቁረጥ በጀመረች በሁለተኛው ቀን ነው ‹ሀ›ን ከ‹ለ› የለየችው። መድኃኒት ያለበት ሲቆረጥ ምላጩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ብናኝ ይተዋል፤ ባዶው ግን ጥርት ብሎ ይቆረጣል፣ ምላጩም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ያልተነገረ ነገር እንዳልታወቀ ይቆጠራል ብላ ነበር፤ እውነትም ወንድሟ እስኪገባበት ድረስ እንደዚያው ተቆጥሮ ነበር።

የወንድሟ የጥናት ቁጥር ሠላሳ አንድ ሆነ። ስንጥሩ የገባለት ዕለት አልጋው ላይ ተጋድሞ እንኳ አላረፈም። «ዶክተር፣ የእህቴ እጅ የነካው ከሆነ ቀስ ብለው ያስገቡት፣ ቁጡ ነው» አለኝና ነርሷን አሳቃት። የሰባት ሰከንድ ሥራ ነበር። እንደ ደንቡ፣ ስንጥሩን ያስገባው መርፌ፣ ውስጡ ስባሪ አለመቅረቱ እንዲታይ፣ ወደ እሷ ጠረጴዛ ወረደ። ላዩ ላይ ሠላሳ አንድ የሚል ተለጥፎበታል። በማጉያው አየችው። ውስጡ እንደ መስታወት ንጹሕ ነበር፤ ነጭ ብናኝ የሚባል የለም። መዝገቡ ላይ «ስባሪ የለም» ብላ ፈረመች። የጻፈችው እውነት ነው።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ዓይኑ ታሽጎ ቁጭ ብሏል።

«እታለም፣ ገና ሳይገለጥ ብርሃን እየሸተተኝ ነው!»

«ዝም ብለህ ተኛ።»

«ስድስት ሚሊ ሜትር እህት ዓይኔ ውስጥ አለች፤ እንዴት ልተኛ?»

በሁለተኛው ሳምንት «ውጣና መርፌውን ውሰድ፣ ይቅርብህ ሙከራው» አለችው። «አበድሽ እንዴ?» አላት። «ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን እጅሽን ትተሽ በማላውቀው መርፌ ልተማመን?» በሦስተኛው ሳምንት ደገመችለት፤ ተቆጣት። በአራተኛው ሰሌዳውን አነበበ፤ ከመነሻው አንድም አልቀነሰም። በስምንተኛው ከመነሻው አንድ መስመር ጨምሮ አነበበ። እኔ በመብራቱ ሳየው ጉሙ አልተነሳም፤ እንዲያውም የወፈረ መሰለኝ። ፋይሉ ላይ «ጉም አለ» ብዬ ጻፍኩ። ደንቡ የሚቆጥረው ግን ሰሌዳውን ነበር።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት፣ እሷ ቢሮዬ ገባች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ዶክተር፣ ወንድሜን ያስወጡልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ይውጣ።»

ፋይሉን ገልጬ አሳየኋት። «እይው እንግዲህ። ሲገባ አራተኛውን መስመር ነበር የሚያነበው፤ አሁን አምስተኛውን ያነባል። እየተሻለው እኮ ነው!»

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ስንጥር እንደምትቆርጥ ትንፋሿን ይዛለች።

«ያንብብ። ግን ያስወጡልኝ።»

«ለምን?»

«ለምን አይበሉኝ።»

ምክንያቷን ብትነግረኝ እኔም አወቅሁ ማለት ነው፤ እኔ ካወቅሁ የታሸገው ሁሉ ተከፈተ፣ ስልሳውም ሰው የታገሠው በከንቱ ቀረ። ስለዚህ አልነገረችኝም። እኔ ደግሞ ጭንቀቷን የእህት አንጀት ነው ብዬ አለፍኩት። አብረን የሠራን ሁለት ታማኞች ነበርን፤ በመካከላችን አንድ ዓይን እየጠፋ ነበር። «ጥናት ጥናት ነው፤ ታገሺ» አልኳት። «እሺ» አለችና ወረደች። በኋላ እንደነገረችኝ ደረጃው ላይ ቆማ ራሷን አባብላለች፦ ያነባል ከተባለ ምናልባት ዓይኑ በራሱ ጊዜ እየዳነ ይሆናል፤ ደግሞስ ፋይልን የሚያህል ምስክር ከየት ይመጣል? ዓይኗ ያየውን ትታ ወረቀቱን አመነች። እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነው፤ ሙያችን ያስተማረን ይህንኑ ስለሆነ።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አነበበ። በአሥራ ስድስተኛውም አነበበ።

በሃያኛው ሳምንት ነርሷ አሮጌው ሰሌዳ ደብዝዟል ብላ አዲስ ሰቀለች። እሱ እህቱን ተደግፎ ገባ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ደረቱን ነፋ። ነርሷ «ከላይ ይጀምሩ» አለችው። ጀመረ። የመጀመሪያውን መስመር ሲል ነርሷ ሳቀች፤ ሁልጊዜ ስለሚቀልድ ቀልድ መስሏት ነው። ሁለተኛውን መስመር ሲል ሳቋ ቆመ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ቀጠለ፤ ሳይደናቀፍ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ። እዚያ ሰሌዳ ላይ ካለው ፊደል ውስጥ ከአፉ የወጣ አንድም አልነበረም። የሚያነበው የወረደውን አሮጌ ሰሌዳ ነው። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜአለሁ። የነርሷ ሳቅ መቆሙን ሰምቶ አንገቱን ወደ እኛ አዞረ።

«ሰሌዳ ቀየራችሁ እንዴ?»

«አዎ» አለችው ነርሷ።

«ታዲያ ቀድማችሁ አትነግሩኝም?»

የመጀመሪያው ቀን፣ ጉሙ ገና ስስ ሳለ፣ ሁለት ሰዓት ተራ ሲጠብቅ ሰሌዳውን ቀርቦ በታፔላ ጸሐፊ ዓይን ሲመረምረው ነበር። «የጻፈው ሰው እጁ ይመቻል፣ ቀለሙ ግን ሳስቷል» ብሎኝ ስቄአለሁ። ለእሱ አንድ ጊዜ ማየት በቂ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ሲጨልም በትዝታው ያነብልኝ ነበር፤ አንዳንዴ አንድ ፊደል ሆን ብሎ እየሳተ፣ እንድናምነው። መስመሩንም ራሱ ነው የጨመረው። እህቱ ትከሻውን ይዛ «ለምን? ለምን እንዲህ አደረግህ?» ስትለው፣ ሕፃን ምን አጠፋሁ እንደሚለው ሆኖ መለሰላት፦

«ያንቺ መድኃኒት ነዋ! አልሠራም ብዬ ላዋርድሽ? ዛሬ ነገ ይሠራል፣ እስከዚያ ልሸፍንላት ብዬ ነው።»

በዚያው ቀን ከጥናቱ ወጣ፤ እውነተኛው ስንጥር ገባለት። የዓይኑ ጀርባ ግን ጠባሳ ይዞ ነበር፤ ጠባሳ ደግሞ መድኃኒት አይሰማም። በዓመቱ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለይ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ያንንም ተወው።

ጥናቱ አልቆ ፖስታዎቹ ተከፈቱ። መድኃኒቱ ሠርቷል። እውነተኛው ስንጥር ከገባላቸው ሠላሳ ሰዎች ሃያ ስድስቱ ዳኑ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው እንዳየበት ፈጣሪ ይቁጠረው። እኛ ተጨባበጥን። ለእያንዳንዱ በሽተኛ የደረሰውን የሚገልጽ ደብዳቤ ተላከ፤ ቀለም የሌለው፣ ወረቀቱን ጨምቆ በጣት የሚዳሰስ ምልክት የሚተው ደረቅ ማኅተም ያለበት። በቁጥር ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ላይ «በመጀመሪያ የገባልዎ መድኃኒት የሌለበት ነበር» ይላል። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ወንድሟ «አንብቢልኝ» አላት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አነበበችለት። «መድኃኒት ያለበት ነበር ይላል» አለችው።

ባዶ እንደነበር ቢሰማ፣ ሰሌዳውን እየሸመደደ ራሱን ከመውጫው በር የመለሰው ራሱ መሆኑን ያውቃል። ይህን ከሚሸከም የእጇን ሥራ ቢወቅስ መረጠች። እሱም አሰበ አሰበና እጇን ፈልጎ ያዘው። «አይዞሽ እታለም። ስንጥርሽ ጥፋት የለበትም፤ ግትሩ የኔ ዓይን ነው። ይቅር ብዬሻለሁ።» ደብዳቤውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲያ በፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ተቀምጦ ሲውል አውራ ጣቱ ማኅተሙን ሲዳብስ ይውላል። «የእህቴ ሥራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እንደነበር የመንግሥት ማስረጃ ነው» እያለ ለመንገደኛው ያወራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለዚህ ሰው ኪሱም ባዳ ሆኖበት ነበር።

እሷ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ቆረጠች። አሁን ባዶ የሚባል የለም፤ ምላጯ ላይ ሁልጊዜ ነጭ ብናኝ አለ። ማታ ስትወጣ ምላጩን በጨርቅ ስትጠርግ አየኋት፤ ጨርቁን ደግሞ ወዲያው አትጥለውም፣ ትንሽ ታየዋለች። ከእንፋሎት ሚኒስትሩ ጋር መሰዳደቧን አልተወችም። ስትስቅ ግን ትንፋሿን ሳትይዝ ስቃ አታውቅም።

ሞቷ አጭር ነበር፤ በአሥራ አንድ ቀን ሕመም ሄደች። በተቀበረች በሁለተኛው ሳምንት ወንድሟ ፀጉር አስተካካዩን «ያቺን ደብዳቤ እስቲ አንዴ አንብብልኝ፣ ስለ እሷ የሚለውን ልስማ» አለው። ፀጉር አስተካካዩ መነጽሩን አድርጎ፣ አስቀድሞ ሳያይ፣ ጮክ ብሎ አነበበለት።

በማግስቱ ሁለቱ መጡ። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቀረ፤ «ለመነኝና አነበብኩለት፣ እኔ ምን አውቄ፣ ዶክተር» እያለ።

«ባዶ ነበር?» አለኝ ወንድሟ።

«ባዶ ነበር።»

«እታለም ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

አውራ ጣቱ ማኅተሙ ላይ ቆመ። «ይቅር አልኳት እኮ» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሥራዋ ባዘነች ቁጥር ይቅር ብዬሻለሁ እላታለሁ። እሷም እግዜር ይስጥልኝ ትለኛለች። ሰምተዋል፣ ዶክተር? እግዜር ይስጥልኝ ነበር የምትለኝ።»

 እኔም ልነግረው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ አልነገርኩትም። ዛሬ እሱም የለም። ስለዚህ እዚህ አኖረዋለሁ።

ደብዳቤዎቹ በተላኩ ሳምንት፣ እሷ እንደዚያ ማክሰኞ ከምሳ በፊት መጥታ ነበር። ይህን ሁሉ፣ የምላጩን፣ የመርፌውን፣ በቤት ያነበበችውን የሐሰት ንባብ፣ ቆማ ነገረችኝ። ከዚያ ሌላ ደብዳቤ እንድጽፍላት ለመነችኝ፤ መድኃኒት ያለበት ነበር የሚል።

«ሐሰት ልጻፍ?» አልኳት። ስለ እውነት ረጅም ነገር ተናገርኩ፤ የሚያምር ንግግር ነበር። የጥናቱን ኮሚቴ ሰብሳቢም ጠየቅሁላት፤ ሳቀብኝ።

በሁለተኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

«መዝገቡን አይንኩት፤ መዝገቡ እውነቱን ይያዝ። እኔ የምፈራው ኪሱ ውስጥ ያለውን ነው። ብወስድበት ጣቱ ማኅተሙን ያጣዋል፤ ብተወው ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ያነብለታል።»

«ምን ላድርግልሽ ታዲያ?»

«ምንም አይጻፉ። ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተሙን ብቻ ይምቱልኝ። እሱ ተኝቶ እያለ እለውጥለታለሁ።»

«ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም አይመታም፤ ደንብ ነው» አልኳት። ማኅተሙ ቀኝ እጄ ሥር፣ መሳቢያው ውስጥ ነበር።

እሷም መሳቢያውን እያየች፣ ያኔም «እርስዎ» እያለችኝ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ዓይኑ ውስጥ ባዶ አስገብተንለት የለም ወይ፣ ዶክተር? ይሄኛውንም ባዶ ይስጡኝ።»